መሬት እንድትተነፍስ

በግቢዬ ውስጥ ሣር የማትበቅልባት አንዲት ቦታ ነበረች። ስፋቷ ከአንድ ቁርበት አይበልጥም። ከውጭው በር እስከ ቤቱ ደረጃ ባለው መስመር ላይ ስለምትገኝ የገባም የወጣም ይረግጣታል። ሦስት ጊዜ ሣር ገዝቼ አስተከልኩባት፤ ሦስቱንም ጊዜ መጀመሪያ ቢጫ፣ ቀጥሎ ገለባ ሆኖ ቀረ። ውኃ አንሶት ይሆናል ብዬ አጠጣሁ፤ ውኃው ላዩ ላይ ተኝቶ ይውላል እንጂ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። ፍግ አንሶት ይሆናል ብዬ ፍግ አለበስኩ፤ የመጀመሪያው ዝናብ ጠርጎ መንገድ ላይ ጣለው።

በየሁለት ሳምንቱ እየመጡ ሣሩን የሚያጭዱልኝ አንድ ሽማግሌ አትክልተኛ ነበሩ። አንድ ቀን ጠዋት ከቤት ስወጣ እኚህ ሰው ባለ አራት ጣት የብረት መንሽ ይዘው፣ ደኅና የነበረውን ሣር ሳይቀር በየስንዝሩ ሲወጉት አገኘኋቸው። መንሹን ይተክላሉ፤ በእግራቸው ይጫኑታል፤ እጀታውን ጥቂት ወደ ራሳቸው ሳብ አድርገው ይነቅሉታል፤ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይሉና እንደገና ይተክላሉ። ግማሹ ሣር እንደ ወንፊት ተበሳስቷል።

«አባባ፣ ምን መሥራትዎ ነው? ያለችንንም ሣር ሊፈጇት ነው እንዴ?» አልኳቸው። ድምፄ ከሚገባው በላይ ከፍ ብሎ ነበር።

«ታፍናለች፣ ልጄ። ትንሽ ትተንፍስ ብዬ ነው» አሉኝ ቀና እንኳ ሳይሉ።

እውነቱን ልናገርና፣ አልሰማኋቸውም። የታዘዙትን ብቻ እንዲሠሩ ነግሬ መንሹን አስቀመጥኳቸው። እሳቸውም አልተከራከሩም፤ የመንሹን ጣቶች በሣር ጠረጉና ወደ ማጭዳቸው ተመለሱ። ሥራው እመሐል ግቢው ላይ ቆመ፤ ያቺ ራሰ በራ ቦታም ግማሿ ተወግቶ ግማሿ ሳይወጋ ቀረ።

ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ የሆነውን አንባቢ ሳይገምት አይቀርም። በግቢው መካከል በገመድ የተለካ የሚመስል መስመር ወጣ። ከመስመሩ ወዲህ ያለው ሣር ጥቁር አረንጓዴ፣ ወዲያ ያለው አመድማ ሆነ። በዚያች ሦስት ጊዜ በከሸፈችብኝ ቦታ ላይም በግማሿ በኩል ሣሩ እየዳኸ ገባ። ይቅርታ ልጠይቃቸው ብፈልግ ሽማግሌው የሉም፤ ልጃቸው ዘንድ አገር ቤት ገብተዋል ተባልኩ።

ከዚያ በኋላ ነው «ለመሆኑ ይህን ሥራ ማን ጀመረው? ሣርን መውጋት ከየት መጣ?» ብዬ መጻሕፍት ማገላበጥ የያዝኩት። ያገኘሁት ታሪክ ከአንድ ግቢ ሣር እጅግ የሰፋ ሆኖ ስላገኘሁት ለአንባቢ ማካፈል ወደድኩ። የውጭ አገሩን ታሪክ ስተርክ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ መርገጥ ነበር

የሚገርመው ነገር፣ የሣር መስክ ታሪክ የሚጀምረው መሬትን በማናፈስ ሳይሆን በመደብደብ ነው። በ13ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ላይ አልበርቱስ ማግኑስ የተባለው ጀርመናዊ መነኩሴና ሊቅ ስለ ዕፀዋት በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ የመዝናኛ ሣር እንዴት እንደሚሠራ ይገልጻል። በእርሱ ምክር መሬቱ መጀመሪያ ከሥራሥር ይጸዳል፤ የተረፈው ዘርና ሥር እንዳያቆጠቁጥ የፈላ ውኃ ይደፋበታል፤ ከሌላ ቦታ ከነአፈሩ የተገሸለጠ ቀጭን ሣር ይነጠፍበታል፤ በመጨረሻም በእንጨት መዶሻ ይደበደባል፣ በእግርም ይረገጣል። ሣሩ ከጊዜ በኋላ በስሱ ብቅ ብሎ እንደ ጨርቅ መሬቱን ይሸፍናል ተብሎ ይጠበቃል።

ለምን ይህን ያህል መደብደብ? የሚፈለገው ዓይን የሚያርፍበት ለጥ ያለ ሜዳ ነበርና ነው። ኋላ ደግሞ ጨዋታ መጣ። በእንግሊዝ አገር ሳውዝሃምፕተን ከተማ ውስጥ ከ1299 ጀምሮ እንደነበረ የሚነገርለት የኳስ ማንከባለያ ሣር አለ። ኳስ የሚንከባለልበት ሣር እብጠትና ጉድጓድ ሊኖረው አይገባም፤ ስለዚህ ድንጋይ መዳመጫ፣ በኋላም የብረት መዳመጫ ተጎተተበት። የክሪኬት ተጫዋቾችም ሜዳቸውን እንደ ምጣድ እስኪጠብቅ ድረስ ይዳምጡት ነበር።

በ17ኛው መቶ ዘመን ሣር የሥልጣን ምልክት ሆነ። የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ አትክልተኛ አንድሬ ለ ኖትር በቬርሳይ ቤተ መንግሥት «አረንጓዴው ምንጣፍ» የሚባለውን፣ 335 ሜትር የሚረዝም የሣር ንጣፍ ዘረጋ። በ18ኛው መቶ ዘመን እንግሊዛዊው ላንስሎት ብራውን ሣሩን እስከ መኳንንቱ ደጃፍ ድረስ አመጣው። ከብት ወደ ቤት እንዳይጠጋ፣ አጥርም ዓይን እንዳይከለክል በማለት ከሩቅ የማይታይ ጥልቅ ቦይ ይቆፈር ነበር። እንግዲህ ልብ እንበል፤ እህል የማይዘራበት፣ ገበያ የማይወጣ፣ ለዓይን ብቻ የሚሆን መሬት ያለው ሰው ማለት የዚያን ጊዜ ታላቅ ሰው ማለት ነበር። ሣሩን የሚያጭዱት ሰዎች ግን ጤዛው ሳይረግፍ ከሌሊቱ ጀምረው በማጭድ የሚሰለፉ የቀን ሠራተኞች ነበሩ። የእነርሱን ስም የጻፈ የለም።

ይህን ሥርዓት የለወጠው ኤድዊን በዲንግ የተባለ የግሎስተርሸር ሰው ነው። በዲንግ ስትራውድ በምትባል የሱፍ ጨርቅ በሚሠራባት ከተማ አካባቢ የሚኖር መካኒክ ነበር። በፋብሪካው ውስጥ የጨርቅን ጸጉር የሚያስተካክል፣ ስለቶች የተጠመዘዙበት ተሽከርካሪ ሲሊንደር አየ፤ «ይህ ጨርቅን የሚላጭ ከሆነ ሣርንስ ለምን አይላጭም?» ሲል አሰበ። በ1830 የሣር ማጨጃ መኪናውን በስሙ አስመዘገበ። በ1902 ደግሞ ራንሰምስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በቤንዚን የሚሠራውን ለገበያ አቀረበ። ከዚህ በኋላ ሣር የመኳንንት ብቻ መሆኑ ቀረ፤ ትንሽ ግቢ ያለው ፀሐፊም መምህርም ሣር አበጀ።

ነገር ግን የበዲንግ መኪና ከኋላዋ ከባድ መዳመጫ ነበራት። ሣሩን ባጨደች ቁጥር መሬቱን ትጫነዋለች። ከአልበርቱስ መዶሻ እስከ በዲንግ መዳመጫ ድረስ ባለው ስድስት መቶ ዓመት ሁሉም የተማረው መጫንን ነበር። ታዲያ ያ ሁሉ ሣር እንዴት ታፍኖ አልሞተም? መልሱ ከእግራቸው በታች ነበር።

ደመወዝ የማይከፈለው አራሽ

በሃምፕሸር አውራጃ ሴልቦርን በምትባል መንደር የሚኖር ጊልበርት ዋይት የተባለ ቄስ ነበር። ይህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የመንደሩን ወፍና ነፍሳት ሲመለከት የኖረ ነው። በ1777 በጻፈው አንድ ደብዳቤ፣ ሰው ሁሉ የሚንቃት የምድር ትል አፈሩን እየበሳች፣ እያላላች፣ ለዝናብና ለሥር መንገድ እየከፈተች ለዕፀዋት ባለውለታ መሆኗን አመለከተ። አትክልተኞችና ገበሬዎች ትልን እንደሚጠሏት ያውቃል፤ ሆኖም ያለ ትል ምድር ቀዝቃዛና ደረቅ ሆና ትቀራለች ባይ ነበር። ደብዳቤዎቹ በ1789 በመጽሐፍ ታተሙ።

ከዋይት በኋላ ነገሩን የያዘው ከሁሉ የሚታወቀው የተፈጥሮ ሊቅ ቻርልስ ዳርዊን ነው። ዳርዊን ከመርከብ ጉዞው እንደተመለሰ አጎቱ ጆሳያ ዌጅዉድ በእርሻው ላይ ከዓመታት በፊት የተበተነ ኖራና አመድ ወደ መሬት ውስጥ ገብቶ እንደተገኘ አሳየው። ያወረደውም ትል ነው አለው፤ ከታች አፈር እየበላች ላይ ስትጥል፣ ላይ የነበረው እየተቀበረ ይሄዳል። ወጣቱ ዳርዊን ይህን በ1837 ለለንደን የሥነ ምድር ማኅበር አነበበ። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ይተወው ነበር። ዳርዊን ግን በታኅሣሥ 1842 በቤቱ አጠገብ ባለ መስክ ላይ የተሰባበረ ነጭ ኖራ ድንጋይ በተነና ጠበቀ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት! በኅዳር 1871 ቦይ ሲያስቆፍር ነጩ ድንጋይ ከመሬት በታች 18 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ እንደ መስመር ተሰልፎ ተገኘ።

ስለ ትሎች የጻፈው መጽሐፍ በጥቅምት 1881 ወጣ፤ እርሱ በሚያዝያ 1882 ሞተ። የሕይወቱ የመጨረሻ መጽሐፍ ነው። በዚያ መጽሐፍ ስሌት በብዙ የእንግሊዝ መሬት ላይ በየዓመቱ በአንድ ሄክታር ከ25 ቶን የማያንስ አፈር በትሎች ሆድ ውስጥ ያልፋል። ሞፈርና ቀንበር ሳይፈጠር በፊት ምድር ስትታረስ ነበር ማለት ነው፤ አራሿም አጥንት የሌላት፣ ዓይን የሌላት ትል ናት።

ይህን ሳነብ ነው የሽማግሌው መንሽ ትርጉሙ የገባኝ። እሳቸው በግቢዬ ያደርጉት የነበረው የትልን ሥራ ነው። ግን ትሏ የት ሄዳ ነው ሰው ሥራዋን የሚሠራላት? እዚህ ላይ ታሪኩ መራራ ይሆናል።

ትልን የገደለ መንሽ ያነሣል

የጎልፍ ጨዋታ ከስኮትላንድ ተነሥቶ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በእንግሊዝና በአሜሪካ ተስፋፋ። የስኮትላንዱ ሴንት አንድሩስ ሜዳ ጠባቂ የነበረው ሽማግሌው ቶም ሞሪስ በሣሩ ላይ አሸዋ በመበተን የታወቀ ሰው ነው፤ የባሕር ዳር አሸዋማ መሬት በተፈጥሮው አይታፈንም። ጎልፍ ወደ መሐል አገር፣ ወደ ጭቃማው መሬት ሲገባ ግን ችግር መጣ። ትሎች ሌሊት ሌሊት እየወጡ የሚጥሏት ትንሽ የአፈር ክምር ኳሷን ከመንገዷ ታስታለች። ተጫዋቾች አጉረመረሙ፤ ገንዘብ የሚከፍሉት እነርሱ ናቸውና ፍርዱ በትሏ ላይ ወደቀ።

በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ከሕንድ የሚመጣ፣ ዘይቱ ከተጨመቀ የዛፍ ፍሬ የሚቀር ፋጉሎ በሣሩ ላይ እየተበተነ በውኃ ይረጭ ነበር። ትሎቹ እየተቃጠሉ ወደ ላይ ሲወጡ በመጥረጊያ ተጠርገው በጋሪ ይወሰዳሉ። ቀጥሎ ሌድ አርሴኔት የተባለው የእርሳስና የአርሴኒክ መርዝ መጣ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ ክሎርዴን የተባለው መድኃኒት ተጨመረ፤ ይኸኛው አንዴ ከተረጨ ለዓመታት በአፈር ውስጥ የሚቆይ ሲሆን፣ በሰው ጤና ላይ በሚያስከትለው ጉዳት ምክንያት በአሜሪካ በ1988 ሙሉ በሙሉ ታግዷል።

ትሎቹ ጠፉ፤ ኳሷም ቀጥ ብላ ሄደች። ሣሩ ግን ታመመ። ውኃ መጥለቅ እንቢ አለ፤ ሥሩ ከሁለት ጣት በላይ አይወርድም፤ ላዩ አረንጓዴ ሽበት አወጣ። ሜዳ ጠባቂዎቹ መንሽ አንሥተው፣ በመደዳ ተሰልፈው፣ ሣሩን ስንዝር በስንዝር መውጋት ያዙ። ኋላም ጫፉ እንደ ቱቦ ክፍት የሆነ፣ አፈሩን እንደ ቡሽ እየመዘዘ የሚያወጣ የእጅ መንሽ ተሠራ። በ1946 ቶም ማስካሮ የተባለ የፔንሲልቬኒያ ሰው ይህንኑ የእጅ ሥራ በመኪና የሚሠራ መሣሪያ ፈጥሮ ለጎልፍ ሜዳዎች ሸጠ።

እንዲህ ሆነ ነገሩ። አንድ ነፃ አገልጋይ ነበረን፤ ቆሻሻ አደረገችብን ብለን ገደልናት፤ ከዚያ ሥራዋን በገንዘብ ገዛን። ይህን ታሪክ ጎልፍ ለማይጫወት ሰው መንገሩ ምን ይረባል የሚል አንባቢ ቢኖር፣ መልሴ ይህ ነገር በጎልፍ ሜዳ ብቻ የሚደርስ አይደለም የሚል ነው።

ከሣሩ በታች ያለው ቤት

ጥሩ አፈር ስንል ግማሹ ብቻ ነው አፈር። ግማሹ ባዶ ቦታ ነው፤ ያንን ባዶ ቦታ ውኃና አየር ይካፈሉታል። ሥር እንደ እኛ ኦክሲጅን ይስባል፣ የተቃጠለውን አየር ያስወጣል። ቅጠል ለራሱ ምግብ ይሠራል ብለን የተማርነው እውነት ነው፤ ነገር ግን ሥር በጨለማ ውስጥ ስለሆነ ከላይ የሚወርድለትን ምግብ የሚያነድበት አየር ይፈልጋል። እግር፣ መኪናና መዳመጫ መጀመሪያ የሚያጠፉት ትላልቆቹን ቀዳዳዎች ነው፤ አየር የሚመላለስባቸውም እነርሱ ናቸው። ከጉዳቱ አብዛኛው የሚደርሰው ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ርግጫዎች ነው። በተለይ መሬቱ ርጥብ ሲሆን አንድ ሰው ያለፈበት ዱካ ብቻ ይበቃል።

ትላልቆቹ ቀዳዳዎች ሲጠፉ የቀሩት ጥቃቅኖች ውኃ ይይዛሉ። ኦክሲጅን በውኃ ውስጥ የሚጓዘው በአየር ውስጥ ከሚጓዘው አሥር ሺህ ጊዜ ያህል ቀርፎ ነው። እንግዲህ ያቺ የግቢዬ ራሰ በራ ቦታ ውኃ ባጠጣኋት ቁጥር ይበልጥ አነቅኋት እንጂ አላዳንኳትም ማለት ነው። ጥማት የመሰለኝ መታፈን ነበር።

መፍትሔውም ቀላል ነው፤ ጉልበት ግን ይጠይቃል። መሬቱ ከዝናብ ወይም ከመጠጣት በኋላ ጠፈፍ ሲል፣ ጭቃም ድርቅም ሳይሆን፣ ሣሩም በሚያድግበት ወራት መሆን አለበት። መንሹ ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ይገባል፤ እጀታው ጥቂት ይነቀነቃል፤ በየስንዝሩ ይደጋገማል። ሠራተኛው ወደ ኋላ የሚሄደው የከፈተውን መልሶ እንዳይረግጥ ነው። ጭቃ ላይ የተወጋ እንደሆነ የቀዳዳው ግድግዳ እንደ ሸክላ ይለሰንና ይዘጋል። ከዚያ የደቀቀ ብስባሽ ተበትኖ በመጥረጊያ ወደ ቀዳዳዎቹ ይገባል። ይህ ብስባሽ ምግብ ብቻ ሳይሆን የትል መጥሪያም ነው። ትል ከተመለሰች የመንሹ ሥራ እያደር ይቀንሳል።

ቨርጂኒያ የሚኖር የአጎቴ ልጅ ስለዚሁ ነገር በስልክ ሲያጫውተኝ አስቆኛል። አሜሪካ ውስጥ ሣር ከ120 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሸፍናል፤ በመስኖ ከሚጠጣ ከማንኛውም አንድ ሰብል የበለጠ ስፋት አለው ማለት ነው። ቤት የገዛ ሐበሻ ደግሞ ከቤቱ ጋር የጎረቤት ዓይንም አብሮ ይገዛል። ሣሩ ሲገረጣበት የአጎቴ ልጅ መጀመሪያ ሚስማር የተመታበት ሰንደል ገዝቶ በግቢው ሲንጎራደድ ዋለ። ሰንደሉ ግን አፈሩን ወደ ጎን ይገፋል እንጂ አያወጣም፤ የሰውዬው ክብደትም ሲጨመርበት እየወጋ ይጠቀጥቃል። ቀጥሎ ሁለት ክፍት ቱቦዎች ያሉትን፣ በእግር የሚረገጥ የእጅ መሣሪያ ገዛ። በረገጠው ቁጥር ሁለት የአፈር ቡሽ ይተፋል፤ ሣሩ ላይ የፍየል በጠጥ የተበተነ ይመስላል። ቱቦው በጭቃ ሲዘጋ በካቻቪቴ እየጎረጎረ ያጸዳዋል። «ሁለት ቅዳሜ ፈጀብኝ፤ ወገቤ ተቆረጠ» አለኝ። ጎረቤቱ ምን እየሠራህ ነው ቢለው፣ «የአገሬን እርሻ» ብሎ መለሰለት። ሲቀልድ ነበር፤ ግን አልተሳሳተም።

በእኛ ቤት

እኛ ዘንድ ለዓይን የሚሆን ሣር ማሳደግ የቅርብ ጊዜ ነገር ነው። ሣር ለእኛ የከብት መኖ፣ የጎጆ ክዳን፣ የዓመት በዓል ጉዝጓዝ ነው። መሬትን የማናፈስ ዕውቀት ግን ከጥንት የነበረ ነው። የጉራጌ ገበሬ ለእንሰት የሚሆነውን መሬት የሚገለብጥበት ባለ ሁለት ጣት መቆፈሪያ አለው፤ ወንዶቹ ጎን ለጎን ተሰልፈው በአንድነት እየተከሉ መሬቱን ይፈነቅሉታል። ይህ መሣሪያ የውጭ ተመራማሪዎችን ስለ ማረከ በ1950ዎቹ ፍሬድሪክ ሲሙንስ የተባለ አሜሪካዊ የመልክዓ ምድር ሊቅ ለብቻው ጽፎለታል። የሐረርጌ ገበሬም ጫፉ ብረት የሆነ ዶንጎራ አለው። እነዚህን መሣሪያዎች ከእንግሊዞቹ መንሽ ጋር ጎን ለጎን ያየ ሰው ዘመዳሞች መሆናቸው አይጠፋውም።

የሰሜንና የመካከለኛው አገር ገበሬም ማረሻው አፈሩን ይሰነጥቃል እንጂ አይገለብጠውም። ገመሳ፣ አይማ፣ ስለሳ እያለ ይደጋግመዋል። ከዚያ ምን ያደርጋል? ጤፍ ሊዘራ ሲል ከብቶቹን አስገብቶ ያንን ያለሰለሰውን ማሳ ያስረግጠዋል! የጤፍ ዘር ደቃቅ ስለሆነች በለስላሳ አፈር ውስጥ ሰጥማ እንዳትቀር ነው። አውድማውንም እንዲሁ በእበት ለቅልቆ፣ በከብት አስረግጦ እንደ ሰሌዳ ያጠብቀዋል። ስለዚህ መርገጥ ሁልጊዜ ስሕተት አይደለም። ጥበቡ የሚረገጥበትንና የሚከፈትበትን ጊዜ መለየቱ ላይ ነው፤ ይህን አልበርቱስ በመዶሻው አላወቀውም፤ የእኛ ገበሬ ግን ያውቀዋል።

የውኃ መታፈንንም ያውቃል። በአገራችን ዋልካ የሚባለው ጥቁር አፈር 12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ይሸፍናል። በበጋ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ በክረምት ያብጥና ቀዳዳውን ሁሉ ይዘጋል። በሰሜን ሸዋ እነዋሪ አካባቢ ገበሬዎች፣ በተለይም ሴቶችና ልጆች፣ ከታረሰው ማሳ ላይ አፈሩን በእጃቸው እየዛቁ ከፍ ያለ መደብና ቦይ ይሠሩ እንደነበር በጥናት ተመዝግቧል። ውኃው በቦዩ ይወርዳል፤ ስንዴው በመደቡ ላይ ይተነፍሳል። በእጅ! የእኔም ግቢ ይኸው ዋልካ ነው።

አንድ ሌላ ነገርም ልጨምር። በጉልህ ሥሩ እየተሳበ የሚሄደው፣ ግቢዬን የሸፈነው ሣር በዓለም ላይ «ኪኩዩ» በሚባል የኬንያ ሕዝብ ስም ይታወቃል። ሳይንሳዊ ስሙ ግን የተሰጠው በአገራችን በተሰበሰበ ናሙና ነው። ጀርመናዊው ዊልሄልም ሺምፐር በ1837 መጥቶ፣ አግብቶ፣ እስከ ዕለተ ሞቱ እስከ 1878 ድረስ በኢትዮጵያ የኖረ የዕፀዋት ሰብሳቢ ነበር። እርሱ የላከውን ሣር ሆክስቴተር የተባለው የአገሩ ሰው «ስውር» ብሎ ሰየመው፤ አበባው በቅጠሎቹ መካከል ተደብቆ ስለሚቀር ነው። በ1903 ኤሚሊዮ ኪዮቬንዳ የተባለ ጣሊያናዊ ስሙን በይፋ አሳተመ። ይህ ሣር በ1910ዎቹ ወደ ደቡብ አፍሪካ፣ ወደ አውስትራሊያና ወደ ካሊፎርኒያ ተሻገረ። ዛሬ በአሜሪካ ሕግ በአደገኛ አረም መዝገብ ላይ የሰፈረ ሲሆን፣ በዚያው በሎስ አንጀለስ የታወቀ የጎልፍ ሜዳ ደግሞ በእንክብካቤ ያድጋል። የደጋ ሰው በስደት የሚገጥመውን ያስታውሰኛል፤ ባንዱ በር አይገባም፣ ባንዱ በር ይፈለጋል።

ዕዳ

ይህን ሁሉ ከጻፍኩ በኋላ ወደ ሽማግሌው መመለስ ይገባኛል። በመጻሕፍቱ ውስጥ የዋይት፣ የዳርዊን፣ የበዲንግ፣ የማስካሮ ስም አለ። መንሹን የያዙት እጆች ስም የለም። የእነዋሪ ሴቶችም ስም የለም። የእሳቸውንም ስም እኔ ራሴ ሙሉውን አላውቀውም ነበር፤ በሦስት ዓመት ውስጥ «አባባ» ከማለት በቀር ጠይቄያቸው አላውቅም። ዕውቀታቸውን ከየት እንዳመጡትም አልጠየቅሁም፤ ከአባታቸው እርሻ ይሁን፣ ከሠሩባቸው ግቢዎች ይሁን፣ ወይስ መሬቱን ዝቅ ብለው በመመልከት ብቻ። እሳቸው በሁለት ቃል የነገሩኝን እኔ ለመረዳት መጽሐፍ ማገላበጥና አንድ ክረምት መጠበቅ አስፈለገኝ። ዳርዊን ሃያ ዘጠኝ ዓመት ጠብቆ ቦይ አስቆፈረ፤ እኔ አንድ ደቂቃ ታግሼ «እንዴት?» ብዬ ልጠይቅ አልቻልኩም።

ባለፈው ዓመት መንሹን ራሴ አነሣሁ። እሳቸው ካቆሙበት መስመር ጀመርኩ። አሥር ጊዜ ሳልተክል ላብ አጠመቀኝ፤ ሃያኛው ላይ መዳፌ ውኃ ቋጠረ። ወደ ኋላ እየሄድኩ፣ እየወጋሁ፣ በሁለት ቅዳሜ ጨረስኩ። ከበሩ እስከ ደረጃው ድረስም ጠፍጣፋ ድንጋዮች ደረደርኩ፤ ሰው መርገጡን አያቆምም፤ ያው የሚረገጥበትን ማበጀት ነው። በግቢው መካከል የነበረው መስመር አሁን አይታይም። ሰኔ ላይ ከድንጋዩ ሥር አንዲት ቀይ ትል ወጥታ አየሁ፤ ልጄ ሊረግጣት እግሩን ሲያነሣ ክንዱን ያዝኩት።

«ተዋት፤ ሥራ ላይ ናት» አልኩት።